አፌ ውስጥ የተሸከምኩት ሙሾ

ባለፈው እሁድ ናቲ፣ የልጅ ልጄ፣ ለእህቱ ቀለበት ብሎ አንድ ጠርሙስ ኡዞ፣ ያን የግሪክ አረቄ፣ ይዞ መጣ። ክዳኑን ጠምዘዝ ሲያደርገው ቤቱ እንስላል እንስላል ሸተተ። እኔ ሳላስበው አፌን በሁለት እጄ ግጥም አድርጌ ያዝኩ።

«እማማ፣ ሊያስታውክሽ ነው?»

«ዝም በል። ቃል እንዳይወድቅብኝ ነው።»

ልጆቹ ተያዩ። አሮጊቷ ለቀቀች ማለታቸው ነው። ከዚያ ናቲ ስልኩን ደቀነብኝና «በይ ንገሪን» አለ። ልንገራችሁ እንጂ፣ ሌላ ምን ሥራ አለኝ? መጀመሪያ ግን ያንን ጠርሙስ ክደኑት።

ጊዜው በንጉሡ ዘመን ነው። ዓመተ ምሕረቱን የተማረ ይቁጠረው። እኔ የማውቀው የፊት ጥርሴ ወልቆ አዲሱ አልወጣ ያለበት ዓመት መሆኑን ነው። በዚያ ቀዳዳ ምላሴን እያሾለክሁ ሚዛን ከተማ ላይ ያላበሸቅኩት ሰው አልነበረም።

ያሳደገችኝ አክስቴ ደብሪቱ ናት። ባሏ ወታደር ነበር፤ ከጎጃም አምጥቶ እዚህ ጭቃ ውስጥ ጥሏት ሞተ። እሷም አልቃሽ ሆና ቀረች። አልቃሽ ስላችሁ ዛሬ እንደምታዩት እዬዬ ብሎ ንፍጥ መጥረግ እንዳይመስላችሁ። የሟቹን ሥራና የቋሚውን ጉድ አዋድዳ፣ ግጥም አውጥታ፣ ድንጋይ የሚያስለቅስ ቃል የምታወርድ ሴት ነበረች። ከሸዋ ቤንች እስከ ቴፒ ሰው ከሞተ በቅሎ ይላክላታል። «ግጥሙ ቤት ካልመታ ለቀስተኛው ደረቱን አይመታም» ትላለች።

ከወንዙ ማዶ ሙሴ ኒቆላ የሚባል ግሪክ የቡና መፈልፈያ ነበረው። ቦርጫም፣ ጺሙ የትንባሆ ቀለም ያለው፣ ሲመሽ በትንሽዬ ብርጭቆ ያችን እንስላል የምትሸት መጠጥ የሚጠጣ ሰው። አማርኛውን ግማሹን ከሚስቱ፣ ግማሹን ከቤንች ሠራተኞቹ፣ የቀረውን ከጅማ ነጋዴዎች ለቃቅሞ ራሱ ነው ያቦካው። ሴቱን ሁሉ ወንድ ያደርጋል። እኔን «አንተ ልጅ፣ ና ብላ!» ይለኛል፤ እኔም ሄጄ እበላለሁ። ከልጁ ከኤሌኒ ጋር ግቢው ውስጥ ስለምውል አማርኛውን አጣርቼ እሰማለሁ። ሌላው ሰው «እ?» ብሎ ይቀራል።

ሚስቱ ወርቅነሽ የማጂ ልጅ ናት። ሙሴን ስታገባ ታላቅ ወንድሟ መንገሻ «እህቴን ለፈረንጅ አልድርም» ብሎ ከማጂ አልወረደም። ከወገኗ አንድ ሰው እንኳ ደጅ ቆሞ ያልሸኛት ሙሽራ ነበረች ይባላል።

ሁዳዴ በገባ ሰሞን ወርቅነሽን ወባ ጣላት። አልተነሳችም።

ያን ሳምንት አንድ ዝናብ ጥሎ ቡናው ሁሉ አብቦ ነበር። መቼም ታውቁታላችሁ፣ ሲያብብ አገሩ ነጭ ይሆናል፣ ሽታው ራስ ያዞራል። ሙሴ ጓሮ ገብቶ ያበበውን ቅርንጫፍ እየሰበረ አክሊል ጎነጎነ። ሬሳው ጉድጓድ ሊገባ ሲል ጎንበስ አለና አክሊሉን በራስጌዋ አኖረው። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆሞ በቋንቋው አዜመ።

ያገራቸው ወግ ነው ለካ። ሚስት ስትሞት እንደ ሙሽራ አክሊል ደፍተውላት፣ በሠርግ ዜማ አልቅሰው ነው የሚሸኟት። ይህን ሚዛን ላይ ማን ይወቅ? ሰው ያየው ሌላ ነው። በሁዳዴ፣ ሠርግ በማይደገስበት ጾም፣ ሚስቱን ሳይቀብር አክሊል ይዞ የሚዘፍን ወንድ። እንባ የለ፣ ደረት መምታት የለ።

«ያበበ ቡና ሰበረ!» አለች አንዷ አሮጊት። እሷን የቆጫት ቡናው ነው።

«ምን ቡናውን ትያለሽ! ሌላዋን አጭቶ ጨርሷል፤ አክሊሉ የሷ ነው!» አለቻት ሌላዋ።

መንገሻ የእህቱን መታመም ሰምቶ ከማጂ ተነስቶ፣ ሞታ ነው የደረሰው። ቃሬዛውን ከፊት ተሸክሞ ነበር። ዜማውን ሲሰማ ዱላውን አነሳ። ሰው ተረባርቦ ያዘው።

«እህቴ ሳትቀዘቅዝ ትዘፍናለህ? ልጅቷን ይዣት እሄዳለሁ! እንዲህ ያለ አባት ዘንድ አትቀርም!»

ኤሌኒ ያን ጊዜ ቀሚሴን ያዘች። ጥብቅ አድርጋ ያዘችው። ከዚያ ቀን በኋላ አፏን አልከፈተችም፤ እኔም ያ ጭብጥ እስካሁን ጎኔ ላይ ያለ ይመስለኛል።

ሽማግሌ ተቀመጠ። አርባዋ ጾሙ ውስጥ ስለሚውል ተዝካሯ ከፋሲካ በኋላ ይሁን ተባለ። ነገሩም በዚያው ዕለት እንዲቆረጥ ተወሰነ። «ሙሴ፣ መቃብር ላይ ያልከው በአማርኛ ይነገረን» አሉት። «ሙሾ ከሆነ ሙሾ ነው፤ ልጅህም ያንተ ናት። ዘፈን ከሆነ ግን ከእናቷ ወገን ትሂድ።» ማን ይንገር ሲባል፣ ልጅ ለአባቷ አትመሰክርም፣ ሙሾ የምታውቀው ደብሪቱ ናት ተባለ። ቄሱ መስቀል አስነክተው «እሱ ያለውን እንጂ ሌላ አልናገርም» ብላ እንድትምል አደረጓት።

ስትምል አጠገቧ ነበርኩ። በሐሰት የማለ ሰው መብረቅ ይመታዋል ሲሉ ሰምቻለሁ፤ ሚዛን ደግሞ የመብረቅ አገር ናት።

አሁን ችግሩ ይኸውላችሁ። አክስቴ ባል የላትም፣ ሙሴ ሚስት የለውም። ወንዙን ተሻግራ ግቢው ብትገባ «ይኸው፣ የአክሊሉ ባለቤት ተገኘች!» ነው የሚባለው። እሱ እኛ ቤት ቢመጣም ያው ነው። ስለዚህ በመሃል የምመላለሰው እኔ ሆንኩ። ያን ሁሉ ጾም ሥራዬ ይኸው ነበር። ሌላው ልጅ ውሃ ይቀዳል፣ እንጨት ይለቅማል፤ እኔ ሙሾ አመላልሳለሁ።

ሙሴ ከመፈልፈያው ጀርባ ጆንያ ላይ ተቀምጦ መጀመሪያ በቋንቋው ያዜምልኛል። ከዚያ በዚያ ባቦካው አማርኛ ይነግረኛል።

«ሙሽራዬ፣ ተነስ፣ ጀልባ መጥቷል። ነጠላህን ልበስ፣ ባህር ብርድ ነው። ቀዛፊው ሙሽራ ነው፤ ወስዶ አይመልስም። እኔ ዳር ቆሜ፣ ውሃ እግሬን ነካ።»

ይኸው ነው፣ ሌላ የለውም። ግን ስንት ቀን ፈጀብን መሰላችሁ! አፌን በእጄ ይዤ እሮጣለሁ። በዚያ በወለቀው ጥርሴ ቀዳዳ አንድ ቃል ሾልኮ ወንዝ ቢገባ ኤሌኒ ማጂ ሄደች ማለት ነው። የግንድ ድልድዩን በጎን በጎኔ እሻገራለሁ። ደግሞ የባሰ ፍርሃት ነበረብኝ፤ ያ ቀዛፊ የተባለው ሙሽራ እውነተኛ ሰው መስሎኛል። ወርቅነሽን የወሰዳት እሱ ነው፣ ሙሴ ያውቀዋል፣ ዝም ብሎታል ብዬ ነው የማስበው። ስሻገር ከድልድዩ ሥር ጀልባ የቆመ እንደሆን አጎንብሼ አያለሁ። ኤሌኒን «ወንዝ ዳር እንዳትሄጂ፣ ሰውየው ላንቺም ይመጣል» ብያታለሁ። ጫማዋን አውልቃ እግሯን ከጆንያው ሥር ደበቀች።

አክስቴ የመጀመሪያውን ስትሰማ ራሷን አከከች።

«ባህር ምንድነው አለሽ?»

«ጨው ያለበት ውሃ ነው አለ።»

«ጨው ካለበት ማን ይጠጣዋል? ይልቅ ወንዝ እንበለው። እዚህ አገር ሰው የሚወስድ ወንዝ ነው። ሂጂ ንገሪው።»

ሄጄ ነገርኩት። ሙሴ ከጆንያው ተነሳ።

«ወንዝ አይሆንም! ወንዝ ማዶ አለው፣ ማዶ ይታያል። ባህር ማዶ የለውም። ሚስቴ ማዶ ሄደ፣ አላየሁም! ንገረው!»

ከዚያ የቡና ገለባው ላይ ተቀመጠና ፊቱን በኮፍያው ሸፈነ። ኮፍያው ወደ ላይ ወደ ታች ይል ነበር። እንባ የለውም ያሉትን ሰዎች ጠርቼ ባሳየኋቸው አልኩ። ግን ቃሉ አፌ ውስጥ ነው፤ አፌን ከፍቼ መጥራት አልቻልኩም።

ለአክስቴ እንዳለ አደረስኩላት፣ ኮፍያውንም ጭምር፤ በነጠላዋ ፊቴን ሸፍኜ ትከሻዬን እያንቀጠቀጥኩ አሳየኋት። መሳቅ አማራት፣ ግን አልሳቀችም። ማግስቱን ጠዋት በር ከፍታ ቆመች። ሚዛን በጉም ተሸፍናለች፤ መፈልፈያው የለ፣ ወንዙ የለ፣ ድምፁ ብቻ ነው የሚሰማ።

«ነይ እስቲ፣ ያዢ» አለችኝ ቀስ ብላ፦

ነጠላሽን ደርቢ፣ ወንዙ ጉም ለብሷል፤
ያሻገረሽ ሙሽራ፣ መመለስ ረስቷል።

በረርኩ። ሙሴ ሦስቴ አስባለኝ። በጣቱ እየቆጠረ፣ ከንፈሩን እያንቀሳቀሰ ከራሱ ጋር አስተያየው።

«አሁን ማዶ የለም» አለ። «ጥሩ ነው። ደብሪቱ ጎበዝ ሰውዬ ነው።»

የሚቀጥለውም ሳይቸግር መጣ፦

ከዳር ቆሜ ቀረሁ፣ ውሃው እግሬን ነክቶ፤
ሙሽራም አይደለሁ፣ የወሰደሽ መጥቶ።

ጭንቁ የመጣው «ሙሽራ» የሚለው ላይ ነው። አክስቴ ልትጥለው ፈለገች። «ሙሽራ ካልኩ ዘፈን ነው ይሉና ልጁን ይወስዱበታል። ቀዛፊው እንበል፣ ወሳጁ እንበል፣ ይተወው» ብላ ላከችኝ። እሱ ደግሞ ያን ቀን ምግብ የያዘ እጁን አውርዶ፦

«ሙሽራ ጣልክ፣ ሚስቴን ጣልክ። ሌላ ቃል ሌላ ሚስት ነው። ወንድም ለሠርግ አልመጣም፣ ማንም አልመጣም። እኔና ሚስቴ ብቻ ነበርን። አሁንም ሙሽራ አይባልም?»

ያንንም አደረስኩላት። አክስቴ የያዘችውን ሰፌድ አስቀመጠች።

«ካላልኩት በሐሰት ማልኩ። ካልኩት ልጅቷ ሄደች» አለች። «አየሽ ጉዴን? ሞት ይሻላል።»

የምትቀልድ ሴት ነበረች፤ ከዚያ በኋላ ግን ቀልዷ ጠፋ። ሽሮ ታሳርራለች። ብቻዋን ታወራለች። እኔም ጠዋት ስነሳ መጀመሪያ የሚመጣብኝ የኤሌኒ እጅ ነው።

አንድ ቀን ከሙሴ ዘንድ ስመለስ ድልድዩ ጫፍ ላይ ማንን ባገኝ ጥሩ ነው? መንገሻን፤ ነገሩ እስኪቆረጥ እዚያው ሚዛን ሰንብቷል። ረጅም ነው፣ ከኔ በላይ ሰማይ ነው።

«አንቺ ልጅ፣ ከዚያ ግቢ ነው የምትመጪው? የእህቴ ልጅ ደህና ናት?»

አፌን በእጄ ይዣለሁ። ብመልስለት ቃሉ ይወድቃል። ራሴን ነቀነቅሁ።

«ትበላለች?»

ነቀነቅሁ።

«ምን ሆነሽ ነው አትናገሪም?»

ጉንጬን ነፍቼ ቆምኩ። ጎንበስ ብሎ አየኝ፤ ዓይኑ ቀልቷል፣ የለቅሶ ነው የእንቅልፍ ማጣት እንጃ። «ምስኪን፣ ዲዳ ናት» አለና ከጥቁር ካፖርቱ ኪስ ሙዝ አውጥቶ ሰጠኝ። ከዚያ እኔን ዲዳ ካለ በኋላ ምን ትሰማለች ብሎ ይሆን፣ ለወንዙ ነገረው፦ «ሠርጓን ብመጣላት ምን ነበረበት?»

ይህን ለአክስቴ ስነግራት ሙዙን ግማሹን በላችብኝና «ደግመሽ በይው» አለችኝ። ደገምኩት።

የተዝካሩ ዕለት ዳሱ ሞላ። ፍትሐቱ አለቀ፣ ተበላ፣ ሽማግሌዎቹ ከፊት ተቀመጡ። ሙሴ ኮፍያውን ይዞ ቆመ። መንገሻ ባንድ ወገን፣ ኤሌኒ በሌላው። የማጂ በቅሎዎች ከውጭ ተጭነው ቆመዋል፤ አንዷ ላይ ትንሽ ኮርቻ አለ። ለኤሌኒ ልክ ናት።

ሙሴ በቋንቋው አዜመ። ሰው ጉንጩን ያዘ። «በይ ደብሪቱ» አሏት። አክስቴ ነጠላዋን ወገቧ ላይ አሰረች።

ነጠላሽን ደርቢ፣ ወንዙ ጉም ለብሷል፤
ያሻገረሽ ሙሽራ…

«ሙሽራ አለች!» «ሠርግ ነው እንዴ!» ዳሱ ተንጫጫ። መንገሻ ብድግ አለ፣ ዱላው በእጁ ነው። አክስቴ አላቆመችም። የሙሴን አንጉርጉራ ጨረሰች። እኔም ከንፈሬን እያንቀሳቀስኩ አብሬያት ነበርኩ፤ እያንዳንዱን ቃል የተሸከምኩት እኔ ነኛ። አለቀ ብዬ ትንፋሼን ስለቅ፣ እሷ ወደ መንገሻ ዞረች።

ያኔ ስትዳሪ፣ ደጅሽ ጭር ብሎ፤
ወንድም ጠፍቶ ነበር፣ የሚጭንሽ በቅሎ።

ደነገጥኩ። ይህን እኔ አላመጣሁም! አሁን ይመታታል ብዬ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዛሬስ መጣልሽ፣ ወንድምሽ መንገሻ፤
ሠርግሽን አጀበው፣ ሰጥቶሽ ትከሻ።

ምንም አልተሰማም። ዓይኔን ስገልጥ መንገሻ ዱላውን መሬት ተክሎ ግንባሩን ጫፉ ላይ አስደግፏል። ያ ቃሬዛ የተሸከመው ትከሻ ይንቀጠቀጣል። ከዚያ «እህቴን!» ብሎ ጮኸ፤ ዳሱም አብሮት በለቅሶ ፈረሰ። ያችም ለቡናው የተቆጨችው አሮጊት ደረቷን ስትደቃ ነበር።

መንገሻ ፊቱን ጠርጎ ወደ ኤሌኒ ተራመደ። እኔ ምን እንደነካኝ እንጃ፣ እግሩ ላይ ተጠመጠምኩ።

«አትወስዳትም! በግድ አትወስዳትም!»

ቁልቁል አየኝ። «ዲዳዋ!» አለ። «አፍ አወጣሽ?» የሚያለቅሰው ሁሉ በእንባው መሃል ሳቀ። «ልስማት ነው፣ ልቀቂኝ።» ሳማት። ከዚያ ሙሴን «ለመስቀል ማጂ ትልካታለህ፤ አባቷ አንተ ነህ» አለው። ሽማግሌዎቹም በዚሁ አጸደቁት።

ሰው ሁሉ ደስ ብሎት ተበተነ። የኔ ጭንቅ ግን ያኔ ጀመረ። ቤት ስንገባ አክስቴን፦

«ወንድም የሚል አልነበረበትም እኮ። ምለሻል።»

«አውቃለሁ።»

«መብረቅ ይመታሻል።»

«አንቺ ደግሞ አጠገቤ አትቀመጪያ!»

እውነቴን ነው፣ ያን ሳምንት ሰማዩ ሲያጉረመርም መደቤን ትቼ በር ላይ እተኛ ነበር። ስትስቅብኝ ሰንብታ አንድ ቀን ሳቋ ቀረ። ሰማዩን አየች፣ እኔን አየች። «ሂጂ» አለችኝ። «ሙሴን እንዲህ በይው፦ ያልከውን ብቻ ልናገር ምዬ፣ ያላልከውን ጨመርኩ። ባልጨምር ኖሮ ያንተን ሙሽራ አይሰሙልኝም ነበር።»

አፌን ይዤ ለመጨረሻ ጊዜ ተሻገርኩ። ሙሴ ሰማኝ። ወንድም የሚለውን እንደገና አስባለኝ፤ በቋንቋው አጉረመረመ፣ አልገጠመለትም መሰለኝ ራሱን ነቀነቀ፣ እንደገና ሞከረ።

«ቅዳሜ መንገሻ ይሄዳል» አለኝ። «ደብሪቱ መቃብር ይምጣ።»

ቅዳሜ ለመሰናበት መቃብሩ ዘንድ ተሰበሰብን። መንገሻ ልጓሙን እንደያዘ ቆሟል፤ ቄሱም አሉ። ሙሴ ኮፍያውን አወለቀ። ያንኑ ዜማ በግሪክኛ አነሳው፤ ጀልባው መጣ፣ ባህሩ መጣ፣ ዳር የቆመው መጣ። እኔ ቦታ ቦታውን በዜማው አውቀዋለሁ። ማለቂያው ጋ ሲደርስ ግን አላቆመም። ሰምቼው የማላውቀውን አንድ መስመር ቀስ ብሎ፣ ድልድይ እንደሚሻገር ሰው እየረገጠ አወረደው፤ በዚያ ሁሉ የማይገባኝ ቃል መሃል አንድ የሚገባኝ ሰማሁ። መንገሻ።

ባለስሙ ቀና አለ። ኤሌኒ፣ ያቺ ስንት ሳምንት ያልተናገረችው፣ እጁን ሳብ አድርጋ «አንተን ነው ያለው» አለችው።

አክስቴ ከዚያን ቀን በፊት እንዲያ ስትተነፍስ ሰምቻት አላውቅም። ጎኔን ቆነጠጠችኝ፣ አመመኝ።

«ሰማሽ?» አለችኝ። «አሁን እሱም ብሏል።»